ከኩዊኒን እስከ አርቴሱኔት፦ የጽኑ ወባ ድንገተኛ ሕክምና ታሪክና የአሶሳ ቆላ

ድንገተኛ ሕክምና ሲባል ብዙውን ጊዜ በሰው ኅሊና የሚቀረጸው የመኪና አደጋ፣ የስለት ቁስል ወይም በወሊድ ጊዜ የሚደርስ የደም መፍሰስ ነው። በአሶሳ፣ በካማሺና በመተከል ቆላ ግን ከነዚህ ጋር እኩል፣ በአንዳንድ ወራትም ከሁሉ ቀድሞ የሚጠቀሰው ድንገተኛ ሕመም ወባ ነው። ትናንት ትኩሳት የጀመረው ሕፃን ዛሬ ሊያንዘፈዝፈውና ራሱን ሊስት፣ በማግሥቱም ሊሞት ይችላል። ስለዚህም ጽኑ ወባ የሚታከመው በቀን ቆጠራ ሳይሆን በሰዓት ቆጠራ ነው።

በሽታው ጥንታዊ ቢሆንም መድኃኒቱ ባለፉት 70 ዓመታት ውስጥ ደጋግሞ ተለዋውጧል። በተለይ ከ1997 ዓ.ም ወዲህ የወጡ የምርምር ውጤቶች ለብዙ ዘመን ሳይመረመሩ የቆዩ ልማዶችን ሽረዋል። የነዚህ ውጤቶች ታሪክ የሐኪሞች ጉዳይ ብቻ አይደለም። መንገድ የሚቀይሰው፣ ግድብ የሚሠራው፣ የሠፈራ ጣቢያ ቦታ የሚመርጠው መሐንዲስም በዚህ ታሪክ ውስጥ በበጎም በክፉም ድርሻ አለው። ይህም ቀጥሎ በቅደም ተከተል ይታያል።

አገሩና በሽታው

የአሶሳ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 1500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ስትሆን ከአዲስ አበባ ያላት የመንገድ ርቀት ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከከተማዋ ወደ ምዕራብና ወደ ሰሜን ሲወረድ ምድሩ እየቆላ ሄዶ የሱዳን ጠረፍና የዓባይ ሸለቆ ይደርሳል። ዓባይ ክልሉን ለሁለት ይከፍለዋል፤ አሶሳና ካማሺ በደቡቡ፣ መተከል በሰሜኑ ይቀራሉ። ዳቡስና በለስን የመሳሰሉ ገባሮችም በክረምት ሞልተው የአገሩን ሰው እርስ በርሱ ያራርቁታል። በቀድሞው አስተዳደር አሶሳ በወለጋ፣ መተከል በጎጃም ሥር ይተዳደሩ የነበረ ሲሆን በአንድ ክልል ስም የተሰባሰቡት ከ1983 ዓ.ም በኋላ ነው።

በዚህ ምድር የሚኖሩት በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ ከወባ ጋር የረጅም ዘመን ትውውቅ አላቸው። በተደጋጋሚ የተያዘ ሰው በዕድሜ እየጠና ሲሄድ በሽታው ቢይዘውም እንዳይገድለው የሚያደርግ ከፊል የመከላከል ኃይል ያገኛል። ይህ ኃይል ግን በነፃ አይገኝም፤ ዋጋው የሚከፈለው በሕፃናት ነው። አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት ሕፃናት የአዋቂዎቹ ጤንነት የተገዛባቸው ናቸው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ደገኛው ግን ይህ ኃይል የለውም። ደገኛ ገበሬ ቆላ ወርዶ ማደርን ይፈራ የነበረው፣ በሽታውንም ንዳድ ብሎ የጠራው በከንቱ አልነበረም።

ከታላቁ ወረርሽኝ እስከ ሠፈራው

የኢትዮጵያ መንግሥት ወባን በብሔራዊ ደረጃ ለመዋጋት እንዲነሣ ያስገደደው ከሰኔ 1950 እስከ ታኅሣሥ 1951 ዓ.ም የደረሰው ወረርሽኝ ነው። ያ ወረርሽኝ ቆላውን ብቻ ሳይሆን ከ1600 እስከ 2150 ሜትር ከፍታ ያለውን አገር ያጠቃ ሲሆን 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመና 150 ሺህ ያህል እንደሞተ ይገመታል። ወዲያው በ1951 ዓ.ም የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ። በየጎጆው ዲዲቲ ተረጨ፤ ክሎሮኪን ታደለ። በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ የነበረው ተስፋ ወባን ፈጽሞ ማጥፋት ነበር። ነገር ግን ትንኙ ዲዲቲን፣ ተሕዋሱም ክሎሮኪንን እየለመዱ ሄዱ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1969 ዕቅዱን ለመከለስ ተገደደ፤ በኢትዮጵያም «ማጥፋት» የሚለው ቃል ቀስ በቀስ «መቆጣጠር» በሚለው ተተካ።

በዚህ መካከል ለአሶሳና ለመተከል ታላቁ ለውጥ መጣ። አሶሳ ቀደም ብሎ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎችን ተቀብላ ነበር። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ግን ከ1977 እስከ 1978 ዓ.ም ባለው ጊዜ 600 ሺህ ያህል ሰው ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ምዕራብና ምዕራብ አገር ተዛወረ። ከነዚህ ውስጥ 80 ሺህ ገደማ የሚሆኑት ፓዌ በሚባለው የበለስ ሸለቆ ሠፈሩ። በኢጣሊያ መንግሥት ርዳታ የተካሄደው የጣና በለስ ፕሮጀክት ደኑን መንጥሮ፣ መንገድ ጠርጎ፣ ሆስፒታልም አቁሟል።

ከምሕንድስና አንጻር ሲታይ የሥራው ፍጥነት የሚደነቅ ነበር። የሕዝቡ አካል ግን በትራክተር ፍጥነት አይለወጥም። ከደጋ የወረደው ሰው፣ ያውም በረሃብ የተጎዳ ሰው፣ የመከላከል ኃይል ሳይኖረው ትንኝ በሚበዛበት ሸለቆ እንዲያድር ተደረገ። በመጀመሪያዎቹ ወራት የሞተው ሰው ብዙ ነው፤ ከገዳዮቹም ዋነኛው ወባ ነበር። ነባሩ የጉሙዝ ሕዝብም መሬቱንና ደኑን በማጣቱ በበኩሉ ተጎድቷል። መሬቱ ሲለካ፣ ውኃው ሲመጠን፣ ትራክተሩ ሲቆጠር አንድ ነገር በበቂ አልተሰላም፤ እርሱም ትኩሳት የያዘው ሰው ከጎጆው ተነሥቶ መርፌ ወደሚያገኝበት ስፍራ በስንት ሰዓት ይደርሳል የሚለው ነው።

የኩዊኒን ዘመን

በአማርኛ ማንኛውም የሚዋጥ መድኃኒት ኪኒን ይባላል። ይህ ቃል ራሱ የወባ መድኃኒት ከሆነው ከኩዊኒን ስም የተገኘ ነው። ኩዊኒን በደቡብ አሜሪካ ከሚበቅል ዛፍ ልጥ የሚወጣ ሲሆን ፔልቲየና ካቫንቱ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን እ.ኤ.አ. በ1820 ነጥለው አውጥተውታል። ለቀላል ወባ ክሎሮኪን ከተተካ በኋላም ቢሆን ራሱን ለሳተ በሽተኛ የመጨረሻው ተስፋ ኩዊኒን ብቻ ሆኖ ቆይቷል።

መድኃኒቱ ግን አስቸጋሪ ጠባይ አለው። በጉሉኮስ ተበጥብጦ በደም ሥር በኩል አራት ሰዓት በሚወስድ ጠብታ መሰጠት ይገባዋል፤ ይህም በየስምንት ሰዓቱ ይደጋገማል። ፈጥኖ ከገባ ልብን ይጎዳል። በደም ውስጥ ያለውን ስኳርም ዝቅ ያደርጋል፤ ስኳሩ የወረደ ሕፃንና አንጎሉ በወባ የተመታ ሕፃን ደግሞ በመልክ አይለዩም። በመሆኑም ኩዊኒንን በደኅና ለመስጠት ሌሊቱን ሙሉ ጠብታ የሚቆጥር ነርስና የስኳር መለኪያ ያስፈልጋል። በአንድ ክፍል ውስጥ በርካታ ሕፃናት በሚተኙበት በመስከረምና በኅዳር መካከል ይህን ሁሉ ማሟላት ለገጠር ጤና ጣቢያ ቀላል አልነበረም።

ከቻይና የመጣው ቅጠል

ሁለተኛው መድኃኒት የተገኘው በጦርነት ምክንያት ነው። በቬትናም ጦርነት ጊዜ ወታደሮች በወባ ስላለቁ ቻይና እ.ኤ.አ. ግንቦት 23 ቀን 1967 ምስጢራዊ የምርምር ዕቅድ አወጣች፤ ስሙም ከቀኑ ተወስዶ «ዕቅድ 523» ተባለ። በዚህ ሥራ የተመደበችው ቱ ዩዩ የጥንት የሕክምና መጻሕፍትን ስትመረምር፣ በአራተኛው መቶ ዘመን የኖረው ጌ ሆንግ ለድንገተኛ ሕመም የሚሆኑ መድኃኒቶችን በሰበሰበበት መጽሐፍ ውስጥ ለትኩሳት የሚሆን አንድ ቅጠል ተጠቅሶ አገኘች። ቅጠሉ በእኛ አገር የሚታወቁት የአሪቲና የጭቁኝ ዘመድ ነው። የጥንቱ ሊቅ ቅጠሉ በውኃ ተነክሮ እንዲጨመቅ እንጂ እንዲፈላ አላዘዘም። ቱ ዩዩ ከዚህ ተነሥታ ሙቀት ፍሬ ነገሩን ሳያጠፋው እንዳልቀረ ገመተች፤ በዝቅተኛ ሙቀት በኤተር አማካይነት ስታወጣውም እ.ኤ.አ. በ1971 በአይጥ ላይ የተሟላ ውጤት አገኘች። እርሷም እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ተቀብላለች። በመርፌ የሚሰጠው አርቴሱኔት ከዚሁ ፍሬ ነገር የተቀመመ ነው።

የሁለቱ መድኃኒቶች ልዩነት ለመሐንዲስ በቀላሉ ይገባዋል። ፋልሲፓረም የተባለው ተሕዋስ የገባበት ቀይ የደም ሕዋስ ሲበስል ከቀጭን የደም ሥር ግድግዳ ጋር ይጣበቃል፤ በዚህም የአንጎልና የኩላሊት ጥቃቅን ቧንቧዎች ይደፈናሉ። ኩዊኒን በዋናነት የሚያጠቃው የበሰለውን፣ ማለት ቧንቧውን መድፈን የጀመረውን ነው። አርቴሱኔት ግን ገና በደም የሚዘዋወረውን ጨቅላ ተሕዋስ ጭምር ይገድላል። ቧንቧ ከተደፈነ በኋላ ከመጥረግ አስቀድሞ ደፋኙን ነገር ማስቀረት እንደሚሻል ግልጽ ነው።

ሚዛን ላይ የወጡ ልማዶች

ይሁን እንጂ በሕክምና ጥሩ ምክንያት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ስለዚህ በእስያ አራት አገሮች 1461 በሽተኞች በዕጣ ተከፍለው ሁለቱ መድኃኒቶች ተወዳደሩ። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው ውጤት እንዳሳየው ኩዊኒን ከወሰዱት ከመቶ 22፣ አርቴሱኔት ከወሰዱት ከመቶ 15 ሞተዋል። እስያውያኑ አብዛኞቹ አዋቂዎች ስለነበሩ የአፍሪካ ሕፃናት ጉዳይ ገና አልተፈታም ነበር። ቀጥሎም በ9 የአፍሪካ አገሮች 5425 ሕፃናት የተካፈሉበት ጥናት ተካሄደ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው ውጤት በኩዊኒን ከመቶ 10.9፣ በአርቴሱኔት ከመቶ 8.5 መሞታቸው ታወቀ። በሌላ አነጋገር በጽኑ ወባ ከታከሙ 41 ገደማ ሕፃናት መካከል መድኃኒቱን በመለወጥ ብቻ የአንዱን ሕይወት ማትረፍ ተችሏል ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሚቀጥለው ዓመት ለሕፃናትም አርቴሱኔት እንዲቀድም ወሰነ፤ የኢትዮጵያ መመሪያም ይህንኑ ተከተለ። አርቴሱኔት በደቂቃዎች ውስጥ በመርፌ ተሰጥቶ ያልቃል፤ በመጀመሪያው ቀን በ12 ሰዓት ልዩነት፣ ከዚያም በቀን አንድ ጊዜ ይደገማል። የአራት ሰዓቱ ጠብታ ቀረ።

በዚያው ጊዜ አካባቢ ሌላ ልማድም ለምርመራ ቀረበ። ሰውነቱ የቀዘቀዘና የደም ዝውውሩ የደከመ ሕፃን ሲመጣ ፈሳሽ በፍጥነት በደም ሥር መስጠት በዓለም ሁሉ የታወቀ ሥርዓት ነበር። በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛንያ ጽኑ ትኩሳት የያዛቸው ከ3100 በላይ ሕፃናት ላይ የተደረገው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2011 ሲታተም የሕክምናውን ዓለም አስደነገጠ። ፈሳሹን በፍጥነት ካገኙት መካከል በ48 ሰዓት ውስጥ ከመቶ 10.5 ያህሉ ሲሞቱ፣ የፈጠነ ፈሳሽ ካልተሰጣቸው የሞቱት ከመቶ 7.3 ብቻ ነበሩ። ከነዚህ ሕፃናት ከግማሽ በላይ የሆኑት ወባ ነበረባቸው። በተቅማጥ ፈሳሽ ያለቀባቸው ሕፃናት በጥናቱ ስላልተካተቱ ውጤቱ ለነርሱ አይሠራም፤ እነርሱ ፈሳሹን ይሻሉ። ለሌሎቹ ግን «ቶሎ ሙላ» የሚለው ትእዛዝ ገዳይ ሆኖ ተገኘ። ፓምፕ ተጨማሪ ውኃ ስለገፋ ብቻ የደከመ መሥመር እንደማይጠገን፣ ይልቁንም በሌላ በኩል እንደሚፈነዳ የሚያውቅ ባለሙያ ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

በኢትዮጵያ የድንገተኛ ሕክምና ራሱን የቻለ የሐኪሞች ሙያ ሆኖ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ማስተማር የተጀመረው በ2003 ዓ.ም ነው። ሙያው በአገራችን የተወለደው፣ አሮጌው ሥርዓት በማስረጃ እየተፈተነ በሚፈርስበት በዚያው ወቅት መሆኑ መልካም አጋጣሚ ነው።

ሰዓቱና መንገዱ

ከዚህ በላይ የተነገረው ሁሉ ሆስፒታል ለደረሰ በሽተኛ ነው። በቃሬዛ ወይም በሰው ጫንቃ ለሚጓዘውስ? ለዚህ መልስ እንዲሆን በፊንጢጣ የሚገባ አርቴሱኔት ተዘጋጀ። መርፌ፣ ጉሉኮስ፣ መብራትም አይፈልግም። በጋና፣ በታንዛንያና በባንግላዴሽ 12068 በሽተኞችን ያቀፈውና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ጥናት፣ ሕክምና ለማግኘት ከስድስት ሰዓት በላይ ከፈጀባቸው መካከል መድኃኒቱ ሞትንና ዘላቂ የአካል ጉዳትን ከመቶ 3.8 ወደ 1.9፣ ማለት በግማሽ እንደቀነሰ አሳየ። ለአሶሳ ገጠር ከዚህ የተሻለ ዜና አልነበረም። በየቀበሌው ጤና ኬላ አለ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ተሰማርተዋል። መድኃኒቱ የጎደለውን ድልድይ የሚተካ መሰለ።

ነገር ግን ከ2018 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. በኮንጎ፣ በናይጄሪያና በኡጋንዳ መድኃኒቱ በተራው የጤና አገልግሎት በኩል ሲታደል ውጤቱ ሌላ ሆነ፤ የሞቱ ቁጥር አልቀነሰም። ምክንያቱ ሲመረመር መድኃኒቱ አልደከመም፤ የደከመው ቀሪው ሰንሰለት ነበር። ሕፃኑ በመጀመሪያው መጠን ዓይኑን ሲገልጥ ወላጆች ዳነ ብለው ቤታቸው ቀሩ፤ ወደ ሆስፒታል የሄዱትም ቢሆኑ ብዙዎቹ ሕክምናውን የሚደመድመውን የሚዋጥ መድኃኒት ሳያገኙ ተመለሱ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ሥርጭቱ ለጊዜው እንዲገታ መክሮ፣ በሚቀጥለው ዓመት ከበሽተኛ ማዛወሪያ ሥርዓት ጋር ተያይዞ ብቻ እንዲሰጥ መመሪያ አወጣ።

ይህ ታሪክ ለማኅበሩ አባላት የታወቀ ትምህርት ይዟል። በቤተ ሙከራ የተፈተነ ብረት በሥራ ቦታ በሌላ ጭነት ይፈተናል፤ ሰንሰለትም የሚበጠሰው በደካማው ቀለበት በኩል ነው። መድኃኒቱ ከ30 ዲግሪ በታች እንዲቀመጥ ይፈለጋል፤ የዓባይ ሸለቆ ሙቀት በበጋ ከዚያ ይበልጣል። በሽተኛው እንዲዛወር ይፈለጋል፤ ወባ የሚበረታው ግን ዝናቡ ሊያበቃ ሲል፣ ወንዙ ገና ሳይጎድል ነው። በ2013 ዓ.ም በመተከል እንደታየው ደግሞ ግጭት ሲነሣ ሰዎች ከቀያቸው ይፈናቀላሉ፣ የጤና አገልግሎቱም ይቋረጣል፤ በዚያን ጊዜ የኪሎ ሜትር ቁጥር ትርጉም ያጣል።

አዲሱ ስጋት

ተሕዋሱም እንዲሁ አልተቀመጠም። ክሎሮኪን ለፋልሲፓረም በ1990 ዓ.ም በፋንሲዳር፣ ፋንሲዳርም ስድስት ዓመት ሳያልፍ በኮአርተም ተተካ። ኮአርተምና አርቴሱኔት ከአንድ ቅጠል የተገኙ ናቸው፤ አንዱ ከደከመ ሌላውም ይደክማል። በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ በተሰበሰቡ ናሙናዎች ላይ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ምርምር፣ ከመቶ 8 ያህሉ የፋልሲፓረም ተሕዋስ ይህን መድኃኒት በከፊል እንዲቋቋም የሚያስችለው የባሕርይ ለውጥ እንዳለው አመለከተ። ከነዚህ አንዳንዶቹ ደግሞ በጤና ኬላ በሚሠራበት ፈጣን መመርመሪያ አይታዩም፤ ምርመራው ወባ የለም ሲል በሽተኛው ወባ ይዞት ሊሞት ይችላል። በኡጋንዳ በጽኑ ወባ በተያዙ ሕፃናት ላይ በተደረገና በ2024 በወጣ ጥናት፣ ከአሥሩ በአንዱ ገደማ አርቴሱኔት ተሕዋሱን ማጽዳት ያለበትን ያህል ፈጥኖ አላጸዳም። አማራና ጋምቤላ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ጎረቤቶች ናቸው። ተሕዋስም በክልል ወሰን አይቆምም።

ይህ የሆነው ወባ እንደገና በተስፋፋበት ጊዜ ነው። ከጥር እስከ ጥቅምት አጋማሽ 2024 እ.ኤ.አ. ድረስ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1157 ሞት ተመዝግቧል። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ የሱዳን ጦርነት በኩርሙክ በኩል ያስገባቸው ስደተኞችም በአሶሳ ዙሪያ ባሉ መጠለያዎች ይኖራሉ፤ የፓዌ ሠፈራ ትምህርት ለነርሱም ይሠራል።

ከመሐንዲሱ የሚጠበቀው

መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም በጉባ የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ተመርቋል። ሐይቁ ሲሞላ ከ1800 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሸፍናል። ከዚህ ጋር በትግራይ ትናንሽ ግድቦች ዙሪያ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመውን ጥናት ማስታወስ ይገባል፤ በዚያ ጥናት ለግድብ በቀረቡ መንደሮች የሚኖሩ ሕፃናት ርቀው ከሚኖሩት ሰባት እጥፍ ያህል በወባ ተይዘው ተገኝተዋል። የጉባ ሐይቅ በመጠንም በአየር ጠባይም ከነዚያ የተለየ ስለሆነ ቁጥሩን ወስዶ መለጠፍ አይቻልም። መለካት ግን ይቻላል። ውኃው ሲሸሽ በዳርቻው የሚቀረው ኩሬ የት የት እንደሚሆን ካርታ የሚያነሣው ሐኪሙ አይደለም።

ከኩዊኒን እስከ አርቴሱኔት ያለው ታሪክ የሚያስተምረው ይህን ነው። ተመራማሪዎች ሚሊግራሙን በየጊዜው አሻሽለዋል፤ ሰዓቱ ግን በሌላ ባለሙያ እጅ ቀርቷል። በክልሉ መንገድ ሲቀየስ ከጤና ኬላ እስከ ሆስፒታል በክረምት የሚፈጀው ሰዓት እንደ ጭነትና እንደ ጎርፍ መጠን ሁሉ በስሌቱ ሊገባ ይገባል። ለጤና ኬላ ጣሪያ ሲነደፍ በውስጡ የሚቀመጠው መድኃኒት የሚችለው ሙቀት መታወቅ አለበት። ሰው በአዲስ ቦታ ሲሠፍር፣ ሰፋሪ ቢሆን፣ ተፈናቃይ ቢሆን ወይም ስደተኛ ቢሆን፣ የመጀመሪያው መርፌ ከመጀመሪያው ጎጆ ቀድሞ መድረስ ይኖርበታል። በ1977 ዓ.ም ይህ ስሌት ቢዘለል ማስረጃው ገና አልተሰበሰበም ነበር ለማለት ይቻል ይሆናል። ዛሬ ግን ማስረጃው ታትሟል፤ ስሌቱ የሚጠብቀው ባለሙያውን ነው።